የሰኪና እንቅልፋም ኮምፒውተር

ሰኪናን መጀመሪያ ያየኋት እያለቀሰች ነው። ዘመኑ 1991 ዓ.ም.፣ ቦታው ቦሌ ሩዋንዳ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለች የትርጉምና የጽሕፈት ቢሮ ነበረች። ያኔ ኮምፒውተር ጥገና ነበር የምሠራው። ተደውሎልኝ ስደርስ ጥቁር ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ሞተብኝ» አለችኝ። «የሁለት ቀን ሥራዬ እዚያ ውስጥ ነው...»

«አልሞተም፤ ተኝቶ ነው» አልኳት።

ኮምፒውተሩ ለጥቂት ደቂቃ ካልነኩት መብራት ለመቆጠብ ይተኛል። ኪቦርዱን ሲነኩት መንቃት ነበረበት፤ ግን ማስተካከያው ውስጥ ኪቦርዱ እንዲቀሰቅሰው የሚፈቅደው ሳጥን ላይ ምልክት አልተደረገም ነበር። ማብሪያውን አንዴ ጫን ሳደርገው ጽሑፏ እንዳለ ብቅ አለ። ምልክቱ የቱ ጋ እንደሚደረግም አሳየኋት። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔም በዚያው አለቀልኝ።

በሳምንቱ እንደገና ተደወለ፤ አልነቃ ብሏል። ማስተካከያውን ስከፍት ምልክቱ የለም። አስተካከልኩት። ሻይ አዘዘችልኝ፤ የኮምቦልቻ ልጅ መሆኗን፣ ገርጂ አክስቷ ጋ እንደምትኖር አጫወተችኝ። በአሥር ቀኑ ደግሞ ተደወለ። እንዲህ እያልኩ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዛሬስ እንደወደድኳት እነግራታለሁ ብዬ ደረጃውን እወጣለሁ፤ ሳልነግራት እወርዳለሁ።

በመጨረሻ የቢሮው ባለቤት አቶ ካሳዬ አለቃዬ ጋ ደውለው፣ አንድ ኮምፒውተር መጠገን ያቃተው ሰው ምን ያደርግልናል አሉ። አለቃዬም አንዴ ከተደገመ ሌላ ሥራ ፈልግ አለኝ። ስድስተኛውን ጊዜ ሄጄ እንቅልፉን ከነጭራሹ አጠፋሁት። ከፍርሃቴ የተነሣ ፊቷን እንኳ በቅጡ አላየሁም።

«ከእንግዲህ አይተኛም» አልኳት። «ከእኔም ተገላገልሽ።»

ቀልዴን ነበር። ማን ልገላገል አለህ እንድትለኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን «እሺ... አመሰግናለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስልክ አልመጣም። እኔም ሳይጠሩኝ ምን ብዬ እሄዳለሁ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን አብራት የምትሠራውን መኪያን ታክሲ ውስጥ አገኘኋት። ሰኪና ደህና ናት ወይ ስላት አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ምልክቱን የምታነሣው ራሷ ሰኪና ነበረች፤ እኔ እንድመጣ። አንድ ነጋዴ ለትዳር አባቷን ጠይቆ፣ እሷ ጊዜ ስጡኝ ብላ ነበር፤ አንድ ቃል ከእኔ እስክትሰማ። እንቅልፉን ባጠፋሁ በማግስቱ ለአባቷ ደውላ እሺ አለች።

ከታክሲው ወርጄ ወደ ሩዋንዳ ሮጥኩ። ሰኪና ካርቶን አቅፋ ከፎቁ ስትወርድ ደረስኩ። የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምን አፌ? ስንቴ ጠራሁህ፣ ያሕያ።»

ስለ አለቃዬ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ፍርሃቴ ነገርኳት። ዛሬውኑ አባትሽ ጋ ሽማግሌ ልላክ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ኒካው ባለፈው ዓርብ ታስሯል። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ ቃሌን አጥፌ እንዴት አዋርደዋለሁ አለችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለች። «ያን ቀን አትቅር ብልህ ኖሮ ትመጣ ነበር?»

«ሥራዬን ባጣም እመጣ ነበር።»

አቀረቀረች። እጇን ልይዘው ፈለግኩ፤ ግን የሰው ሚስት ናት። የመገናኛ ታክሲ መጣ። ካርቶኑን ተቀብያት፣ ከገባች በኋላ አቀበልኳት።

«አላህ ጥሩዋን ይስጥህ» አለችኝ።

«አሚን። ለአንቺም።»

ረዳቱ በሩን ዘጋው። ታክሲው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም።