ከሐይቁ በላይ የቆመው ጉባኤ

የዥዋዥዌ ወዳጆች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን የሚያደርገው አየር ላይ ነው። በዚያም ዓመት እንደ ልማዳቸው አባላቱ በየቅርጫታቸው ተሳፍረው ከቢሾፍቱ ሐይቆች ከአንዱ በላይ ተንሳፈፉና አክሲዮን የገዙበትን የሐይቁን የመዝናኛ መናፈሻ ዋና ሥራ አስኪያጅ ከሥራ ለማንሳት መከራከር ጀመሩ። ሥራ አስኪያጇ ኢንጂነር የሻረግም በራሷ ቅርጫት መካከላቸው ተንሳፍፋ ስለ መባረሯ የሚባለውን ታዳምጣለች። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ቅርጫት የሚሏት ገመድም ክንፍም የሌላት፣ በሐይቁ ዙሪያ በተተከሉ ማግኔቶች ጉልበት የምትንሳፈፍ ባለ አንድ ወንበር መሳፈሪያ ናት። ሚዛኗን የምትጠብቀው በባትሪ ነው። ሾፌር የላትም። በሾፌር ፋንታ «ልቦና» የሚሉት የማሽን አእምሮ አላት፤ ይህም ቅርጫቷ ልክ እንደ ተሳፋሪዋ እንድታስብ ያደርጋታል። ቀድሞ ቅርጫቶቹን ሁሉ የሚያዘው የመቆጣጠሪያ ማማው ነበር። ወዳጆቹ «ማማው እንደ ከብት አይንዳን፣ ቅርጫታችን እኛን ትምሰል» ብለው ሲጮኹ ግን ኢንጂነር የሻረግ እሺ አለችና የማማውን ትእዛዝ አፈረሰችው።

ማማው ላይ የቀረችው ትርሲት የምትባል መሐንዲስ ናት። ሥራዋ ልቦናዎቹን መጫንና መጠበቅ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ልቦና የተማረው ሰውየው በየስብሰባው ፊት ለፊት ከተናገረው፣ ከድምፁና ከልብ ምቱ ነው። በብዕር ስም በጽሑፍ መድረኩ ላይ የሚጻፈው ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም አይነካውም፣ የማን እንደሆነም አይታወቅም።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች በጽሑፍ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይምርም። ፊት ለፊት ሲሆኑ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው።

«እንደው ድፍረት አይሁንብኝና» አሉ በዚያ ቀን ጋሽ ሸዋንግዛው፣ የማኅበሩ አንጋፋ አባል፣ ከአሮጌዋ ቅርጫታቸው ሆነው። «የአመራሩ ጥሩነት ላይ ምንም የለኝም። ብቻ...»

ከ«ብቻ» በኋላ ያለውን አልጨረሱትም። ኢንጂነር የሻረግ እጅ ነሳች።

«እኔም የጋሼን ሐሳብ ነው የምደግፈው» አለች ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት። «የመናፈሻችን አክሲዮን ትንሽ ወረድ ብሏል፤ ቢሆንም ገበያው ነው። አዲስ ጨዋታም ቢኖር ደስ ይለን ነበር፤ ቢሆንም ያለውም ይበቃል።»

«እናንተ ምን ትላላችሁ?» አለች ኢንጂነር የሻረግ ወደ ሌሎቹ ዞራ። የእሷ አመራር እንግዲህ ይኸው ነው።

በመድረኩ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ገና ሳይጀመር «እሾህ» ገብቶ ያምሰው ነበር። እሾህ የብዕር ስም ነው። ማንነቱን የሚያውቅ የለም፤ ሲጽፍ ግን ሁሉም ያነበዋል። «የሻረግ ሥራ አስኪያጅ አይደለችም፤ የጠራትን ሁሉ የምትመልስ ገደል ማሚቶ ናት። አክሲዮኑ የወደቀው ገበያው ከፍቶ አይደለም። ስንት ዘመን አንድ አዲስ ጨዋታ ያልሠራ መናፈሻ ማን ይግዛው?» ብሎ ነበር በቅርቡ። ከሐይቁ ሥር ወዳለው የጥንት እሳተ ገሞራ ወለል የሚወርደው «የእሳት ጉሮሮ» የተባለው አዲስ ጨዋታ እንዲሠራ የሚሟገተውም እሱ ነው። አሮጌው እንዳይነካ የሚሉትን ጋሽ ሸዋንግዛውን ደግሞ «ያ የዛገ ብሎን» ይላቸዋል። ጋሽ ሸዋንግዛው አንብበው እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ፤ ጠዋት ግን አላየሁትም ይላሉ።

የዕለቱ ጉባኤ ያለ ውሳኔ ሲያበቃ የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ባንቻየሁ መረቁ። ወይዘሮ ባንቻየሁ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ ከአፋቸው «ልጄ» እና «ይባርክህ» የማይጠፋ ሴት። ከምርቃቱ በኋላ ቅርጫቶቹ ሁሉ ወደ ማረፊያው ዞሩ። ወደ ማረፊያው የሚያስገባው መንገድ አንድ ጠባብ በር ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቅርጫት በላይ አያሳልፍም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ።

ትርሲት መጀመሪያ ነፋስ መስሏት ነበር። ከዚያ ቅርጫቶቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ቃል ስታዳምጥ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ይለፉ» ትላለች አንዷ ቅርጫት።

«ኧረ እርስዎ ይለፉ» ትላለች ሌላዋ።

«አይሆንም፣ እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ!»

«እርስዎ ካላለፉ አላልፍም፤ ምን ነካዎት?»

አንዷ ፈቀቅ ስትል ሌላዋ ይበልጥ ፈቀቅ ትላለች። በሩ ባዶውን ቀረ።

ትርሲት ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። «እባካችሁ አንዳችሁ ለቅርጫታችሁ ‹ቅደሚ› በሏት።»

«ጋሽ ሸዋንግዛው ይቅደሙ» አለች ባለ ሕፃኗ።

«አራስ ቆማ እኔ ልቅደም? ነውር አይደለም እንዴ!» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«ኢንጂነር ይለፉ፤ ኃላፊ ናቸው» አለ ሌላው።

«እናንተ ምን ትላላችሁ?» አለች ኢንጂነር የሻረግ።

በመጨረሻ ባለ ሕፃኗ ተጨንቃ «እሺ በቃ፣ እኔ ልለፍ» አለች። ቅርጫቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ትርሲት ሳቋ እዚህ ላይ ጠፋ። ልቦናው ሲማር የኖረው ቃል ብቻ አልነበረም። እዚህ አገር የመጀመሪያው «እሺ» እሺ እንዳልሆነ፣ የመጀመሪያው «አልፈልግም»ም አልፈልግም እንዳልሆነ አውቋል። የሴትዮዋን የልብ ምት አዳምጦ ማፈሯን አየና፣ ከአንገት በላይ ነው ብሎ ትእዛዟን ተወው። ሌሎቹም በየተራ ሞከሩ፤ እንደዚያው ሆነ።

ያን ጊዜ የጋሽ ሸዋንግዛው ቅርጫት ቀይ መብራት አበራች። አሮጌ ናት። እሳቸው «አዲሱ አይዋጥልኝም» ብለው የያዟት ናት። በነፋስ ውስጥ ባለችበት ለመቆም ስትታገል ባትሪዋ እየተሟጠጠ ነበር። ከዚያ ከፍታ ሐይቅ ላይ መውደቅ አስፋልት ላይ መውደቅ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎን!» አለች ትርሲት። «ባትሪዎ ሊያልቅ ነው።»

«አይዞሽ፣ ስለ እኔ አታስቢ። እነሱን አሳልፊ።» እንዲህ ቢሉም ፈርተው ነበር።

ትርሲት ማዘዝ አትችልም። የቀራት ልቦና መጫን ብቻ ነው። የማያፍር፣ ይሉኝታ የሚባል ያልፈጠረበት አንድ ልቦና ያስፈልጋታል። የማን እንደሚሆን ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም።

«ስሙኝ» አለች። «እሾህ በሚል ስም የሚጽፈው ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ፊቱ ያለውን የፈቃድ ቁልፍ ይጫንልኝ። የጽሑፉን ልቦና ቅርጫቱ ላይ እጭነዋለሁ። አልዋሽም፤ ልቦናው የሚናገረው በባለቤቱ ድምፅ ነው። ያንን መደበቅ አልችልም። ግን ሰው ሊሞት ነው።»

ሁሉም ሌላውን አየ። የጋሽ ሸዋንግዛው ቅርጫት አንዴ ወረደች፣ እንደገና ወጣች፤ ጋሽ ሸዋንግዛው የቅርጫቷን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ።

ወይዘሮ ባንቻየሁ ቁልፉን አዩት። ስማቸው ከእሳቸው በፊት የትም የሚገባ ሴት ናቸው፤ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሽምግልና ላይ። ሌላ ሀብት የላቸውም። ጋሽ ሸዋንግዛው ደግሞ ጎረቤታቸው ናቸው፣ ባለቤታቸው ሲሞት ሳልስት ድረስ ከደጃቸው ያልተለዩ ሰው። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑና ተጫኑት።

«ዞር በሉ እናንተ!» የሚል ድምፅ ሐይቁን ሞላው። የወይዘሮ ባንቻየሁ ድምፅ ነው፤ ልስልሱ፣ የምርቃቱ ድምፅ። «ምን እንደ ጅብራ ትገተራላችሁ? አንቺ ገደል ማሚቶ፣ ከመንገድ ውጪ! አንተ ደግሞ የዛገ ብሎን፣ ለአሮጌ ቆርቆሮ ስትል ልትሞት ነው? ሂድ! ሂድ ነው የምልህ!»

ቅርጫታቸው ፈቃድም ሳትጠይቅ መሀል ለመሀል ሰንጥቃ መጣችና አሮጌዋን ቅርጫት ከኋላ ገጨቻት። ደግማ ገጨቻት። እየሰደበች፣ እየገፋች በበሩ አሳለፈቻትና ማረፊያው ላይ ጣለቻት። ቀይ መብራቱ እዚያው ጠፋ። የቀሩት ቅርጫቶች የሚከተሉት ሰው ስላገኙ አንድ በአንድ ገቡ።

ሁሉም እግሩ መሬት ሲረግጥ ጋሽ ሸዋንግዛው ኮታቸውን አራገፉ።

«ማሽኑ ክፉኛ ነው የተበላሸው» አሉ ማንንም ሳያዩ።

«ድምፅ ሁሉ ያምታታል» አለች ባለ ሕፃኗ ፈጥና። «እኔማ በነፋሱ ምክንያት ምንም አልሰማሁም።»

«እኔም» «እኔም» ተባባሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ። «እሾህ እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

«አይ እትዬ፣ ደንግጠው ነው» አለች ኢንጂነር የሻረግ፣ ክንዳቸውን ይዛ። «ውሃ አምጡላቸው!» ውሃ መጣ። አንዱ ወንበር አቀረበ፣ ሌላው አራገበላቸው። ማንም ክፉ አልሆነባቸውም። እዚያው ቆመውም ኢንጂነር የሻረግ በሥራ ላይ እንድትቆይ በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ የእሳት ጉሮሮ ነገር ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ወይዘሮ ባንቻየሁ ውሃውን አስቀምጠው ወደ ማማው ወጡ። ትርሲት ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

«አንቺ ታውቂያለሽ አይደል ልጄ?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እንግዲያው ይስሙት። ያንን ሁሉ ዓመት ፊታቸው ላይ ማለት ያቃተኝን ነበር የምጽፈው። ዛሬ በስንት መከራ አልኩት፤ አልሰማንም አሉኝ። የድምፄ ቅጂ ካለሽ ክፈቺላቸው።»

ትርሲት ወደ እናት ልቦናው ዞረች። እናት ልቦና ማለት ቅርጫቶቹ የሰሙትንና ያሉትን ሁሉ በአንድ ላይ የሚይዘው፣ ማማው ላይ ያለው ትልቁ አእምሮ ነው። «ዛሬ በሩ ላይ የተናገረው የማን ድምፅ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«በነፋሱ ምክንያት በደንብ አልተሰማኝም» አለ እናት ልቦናው።

ትርሲት ማከማቻውን አየች። ድምፁ አለ። ጥርት ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል አለ። እንዲዋሽ ያስተማረው ሰው የለም፤ ማረፊያው ላይ ሰዎቹ የተባባሉትን ብቻ ነበር የሰማው።

«እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ ወደ ማሽኑ ጠጋ ብለው። «ንገራት እንጂ!»

«ኧረ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከእርስዎ አፍ አይወጣም» አላቸው ማሽኑ፣ በፍጹም አክብሮት።

ወይዘሮ ባንቻየሁ ደማቸው ፈላ። መስኮቱን በረገዱት። «ውሸታሞች!» አሉ ወደ ታች፣ በገዛ አፋቸው። «ሁላችሁም ውሸታሞች ናችሁ! ይቺ መናፈሻ የምትሞተው በእናንተ ይሉኝታ ነው! አንተም ሸዋንግዛው፣ ግትርነትህ ሊገድልህ ነበር!»

ታች ያሉት ሰዎች መሬት መሬቱን አዩ። አንዳንዱ ስልኩን ያወጣ መሰለ። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ቀና አሉ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ሰምቻለሁ!» ብለው ጮኹ። «ሁሉንም ሰምቻለሁ! እንቅልፍ የነሳሽኝ አንቺ ነሽ ለካ! ውረጂ፣ ፊቴ ላይ በይው!»

ወይዘሮ ባንቻየሁ ነጠላቸውን ሰብስበው ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። ትርሲት በመስኮት ታያለች። ሁለቱ ማረፊያው መሀል ቆመው ይጯጯሁ ጀመር፤ ስለ ሥራ አስኪያጇ፣ ስለ አክሲዮኑ፣ ስለ እሳት ጉሮሮ። ጋሽ ሸዋንግዛው እያለቀሱ ይሳደባሉ። ወይዘሮ ባንቻየሁ እየሰደቧቸው የተጣመመ ኮሌታቸውን ያቃናሉ። ሌሎቹ አልሄዱም፤ ቀስ በቀስ ቀረቡ። አንዱም ደፍሮ «እኔ ግን በዚህ አልስማማም» አለ።

እናት ልቦናው ለረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ትርሲት» አለ በመጨረሻ፣ «እነዚህ ሰዎች አሁን ተጣሉ ወይስ ታረቁ?»

«የነፋሱን ነገር ተወውና አንተው ስማቸው» አለችው ትርሲት፣ ወንበሯን ወደ ተከፈተው መስኮት እየሳበች።