የበር ጠባቂው ሞት

ከሊል ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ተከናንቦ እንደተኛ ነው ሞቶ የተገኘው። ሚኪያስ ወሬውን ሰምቶ ከሮቤ ገበያ ጀርባ ወዳለው ግቢ እየሮጠ ሲደርስ፣ የከሊል አከራይ እትዬ ፈለቀች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። በሩ ላይ ኢንስፔክተር ሙሉካ ቆመዋል።

«አንተ ማነህ?»

«ጓደኛው ነኝ። ማንጋ አብረን ነው የምንሠራው። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይሥላል።»

«ማንጋ ደግሞ ምንድነው?»

«በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፣ የጃፓኖች ዓይነት። የእኛው ታሪክ ጌም ውስጥ ገብቶ መውጫ ስላጣ ልጅ ነው።»

ሚኪያስ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ከአልጋው ግርጌ የጠፋ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። የተሰበረው የመስኮት መስታወት ቀዳዳ በጨርቅ ተደፍኗል፤ ጨርቁ የራሱ የሚኪያስ ሻርፕ ነው። ከበሩ አንስቶ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ፣ ቀለማቸው እንዲደርቅ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀሉ የአዲሱ ምዕራፍ ሥዕሎች ነበሩ። ከደጅ ሆኖ ምን እንደተሣለ መለየት አልቻለም። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ በእጃቸው አወረዷቸውና ጥጋቸው ላይ በተጻፈው የገጽ ቁጥር አስተካክለው ፖስታ ውስጥ ከተቱ።

ሚኪያስን መጀመሪያ የተሰማው ኀዘን አልነበረም። «አሁን ማንጋው የእኔ ብቻ ሆነ» የሚል ሐሳብ ውልብ አለበት፤ ወዲያው ራሱን ተጸየፈ።

ጎባ ያለው ሐኪም የከሰል ጭስ ነው የገደለው አለ። ከሊል በዚያው ቀን ተቀበረ፤ ሰፈርተኛውም አደጋ ነው ብሎ ተቀበለ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ስንቱን ከሰል አስታቅፎ አስተኝቶ ወስዷል። ኢንስፔክተር ሙሉካ ግን አልተዋጠላቸውም፤ እትዬ ፈለቀችን ጠየቁ።

«እሱ ቤት ከሰል ገብቶ አያውቅም» አሉ እትዬ ፈለቀች። «አመዱ ወረቀቴን ያበላሽብኛል እያለ ብርድ ሲጠብሰው ያመሽ ነበር። ምድጃው የኔ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ለቅሶ ቤት ስሄድ ጭሱን ሳይጨርስ በረንዳ ላይ ትቼው ወጣሁ። ስመለስ አጣሁት፤ ጎረቤት የተዋሰኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ከሊልስ?»

«ጉንፋን ጥሎት ኪኒን ውጦ ተኝቶ ነበር። ቢጠሩትም አይሰማ።»

ስለዚህ ምድጃውን ያስገባ፣ መስኮቱንም የደፈነ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። የደፈነበት ሻርፕ ደግሞ ባለቤቱ ይታወቃል። ሚኪያስ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠራ እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበር።

«የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተጣልተን ስወጣ ረስቼው ነው» አለ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአዲሱ ምዕራፍ መጨረሻ። እኔ ጽፌ የሰጠሁትን ትቶ የራሱን አደረገ። ምን እንዳደረገው እንኳ አላሳየኝም።»

«ትቀናበት ነበር?»

ሚኪያስ መዋሸት አማረው፤ አልሆነለትም። «አዎ። ሰው ሁሉ የከሊል ማንጋ ነው የሚለው። ስሜ ሽፋኑ ላይ አለ፣ የሚያነበው ግን የለም።»

«ይህን ስትነግረኝ በራስህ ላይ እየመሰከርክ እንደሆነ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻቸውን ገለጡ። «እስቲ የማንጋውን ጥንካሬና ድክመት ንገረኝ። ሳታዳላ።»

«ጥንካሬው ዓለሙ ነው። ልጁ አንድ ነፍስ በከሰረ ቁጥር አንድ ትዝታ ይጠፋበታል፤ የእናቱን ስም እስኪረሳ። የሐረናን ጫካ ሲሥለው ጠብታው አንገትህ ላይ ያረፈ ይመስልሃል። ድክመቱ የጌሙ ሕግ ሲብራራ ወሬ ይበዛል። ደግሞ ልጁ በተቸገረ ቁጥር የሚፈልገው መሣሪያ እግሩ ሥር ይገኛል።» ሚኪያስ አንገቱን ደፋ። «ጥንካሬው የሱ ነው፣ ድክመቱ የኔ።»

«አሳሳሉስ እንዴት ነበር?»

«ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል። ከባዱን ከገላገልኩ ሌላው ይቀለኛል ይላል። በጨረሰው ቁጥር ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሰቅላል።»

የኢንስፔክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ የአዲሱን ምዕራፍ ኮፒ አውጥተው ሰጡት፤ ጥጉ በስቴፕለር ተመትቷል። «አንብበህ ነገ ከጁምዓ በኋላ ጌም ቤት ና።»

ተመሳሳይ ኮፒ ለሌሎች ሁለት ሰዎችም ሰጡ። አንዷ የከሊል እጮኛ ሰቢሪና ናት። ሌላው የጌም ቤቱ ባለቤት ወዚር ነው። ከሊል ከጎሮ ሲመጣ ብዕር አያያዝ ያስተማረው ወዚር ነበር። ያን ጊዜ የጌም ቤቱን ግድግዳ የሞላው የወዚር ሥዕል ነው፤ ዛሬ የከሊል ብቻ ነው ያለው። ማንጋው ውስጥ ደግሞ አንደኛው ደረጃ ላይ የሚያንቀላፋ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚያሸንፈው ሽማግሌ በር ጠባቂ አለ። ኮፍያው የወዚር ኮፍያ ነው። ሊጫወቱ የሚመጡት ልጆች ወዚርን «በር ጠባቂው» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኢንስፔክተር» ብሎ ነበር ወዚር ሰላምታ ሰጥቶ የተቀበላቸው። «ከሊል ቤት ከሄድኩ ወር አልፎኛል። ይህን ምዕራፍም አላየሁትም፤ ስለሱም አላወራንም።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጌም ቤቱ ለሌላ ሰው ተዘግቶ አራቱ ብቻ ተቀመጡ። ኢንስፔክተር ሙሉካ ኮፒዎቹን መልሰው ከተቀበሉ በኋላ ጀመሩ።

«እኔ ማንጋ አላውቅም፤ እናንተ ታስተምሩኛላችሁ። ሰቢሪና፣ ከአንቺ እንጀምር።»

«ማንጋው ውስጥ ያለችው ንግሥት እኔ ነኝ ይላሉ» አለች ሰቢሪና። «ጥንካሬው፣ መልኬን ማሳመሩ ነው። ድክመቱ ደግሞ አንድ ቃል እንኳ አልናገርም። ቀሚሴን ሲሥል ያድራል፣ እኔ ስመጣ ቀና ብሎ አያየኝም። በወረቀት ላይ ባለችው ሰቢሪና እቀና ነበር፤ ምን ይደረግ።»

«ወዚር?»

«እጁ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ድክመቱ የገጾቹ ቅደም ተከተል ነው። በር ጠባቂው መጀመሪያ ልጁ እግር ሥር ሞቶ ይታያል፣ ውጊያው ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ ገድሎ በላዩ መቆም ምን ጀግንነት ነው? ንቀት ነው እንጂ።»

ሚኪያስ ግራ ገብቶት ቀና አለ። «ወዚር፣ እንደዚያ እኮ አይደለም። ውጊያው ቀድሞ ነው ያለው።»

ኢንስፔክተር ሙሉካ የወዚርን ኮፒ አነሱ።

«ለሦስታችሁም የሰጠሁት በገጽ ቁጥር የተስተካከለ ነው። ሁለቱ ኮፒዎች ስቴፕለር የተመቱበት ጥግ በመገለጥ ብዛት ተጨማዷል። የአንተ፣ ወዚር፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልታጠፈም። ሳታነብ መለስከው። ታዲያ ውስጡ ያለውን ከየት አወቅህ?»

ወዚር ኮፍያውን ዝቅ አደረገ።

«ሞቱ ቀድሞ፣ ውጊያው ተከትሎ የታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ገመዱ ላይ። ከሊል ከመጨረሻው ጀምሮ እየሣለ ከበሩ ወደ ውስጥ ይሰቅል ነበር። በበሩ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መጨረሻውን ነው። በነጋታው ሥዕሎቹን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ሚኪያስ እንኳ ከደጅ አላለፈም። ስለዚህ አንተ ገመዱን ያየኸው ከሊል በሞተበት ምሽት ነው። ልትጠይቀው መጣህ፣ ኪኒኑ አስተኝቶታል። ሥዕሉን አይተህ ደምህ ፈላ። ምድጃው በረንዳ ላይ ነበር፣ ሻርፑ ወንበር ላይ። ኮፒውን ስሰጥህ ደግሞ ያንን ገጽ ዳግመኛ ለማየት አንጀት አጣህ።»

«እኔ ያስተማርኩት ልጅ» አለ ወዚር ድምፁ ወርዶ። «ልጆቹ የሳቁብኝ አልበቃ ብሎት ሊገድለኝ? ግድግዳዬን ሁሉ ከወሰደ በኋላ?»

ኢንስፔክተሯ ኮፒውን ፊቱ አስቀመጡ። «አሁን ከአንደኛው ገጽ ጀምረህ አንብበው።»

ወዚር ኮፒውን ገለጠ። በውጊያው ልጁ የመጨረሻ ነፍሱን አጥቶ ይወድቃል። ያ ሲያንቀላፋ የኖረው ሽማግሌ ይነሣና ያለችውን አንዲት ነፍስ ለልጁ ሰጥቶ እግሩ ሥር ይወድቃል። ልጁም ተነሥቶ ይቆማል፤ ትዝታው ሁሉ ጠፍቶ ሳለ የሚያስታውሰው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የበር ጠባቂውን።

ወዚር የመጨረሻው ገጽ ላይ እጁን ጭኖ ቀረ። ፖሊሶች ሲያስነሡትም ወረቀቱን አልለቀቀም ነበር።

ሁሉም ሲወጡ ኢንስፔክተር ሙሉካ የሥዕሎቹን ፖስታ ለሚኪያስ አሳዩት። «ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ይመለስልሃል። አንተ ነጻ ነህ።»

«ኢንስፔክተር» አለ ሚኪያስ፤ አልተንቀሳቀሰም። «እኔ የጻፍኩት መጨረሻ ሌላ ነበር።»

«ምን ነበር?»

«ልጁ በር ጠባቂውን ገድሎ በላዩ ይቆማል። አንባቢ እንዲስቅ ብዬ። ከሊል፣ ወዚር ቢያየው ያዝናል ብሎ እምቢ አለኝ። የተጣላነው በዚህ ነው።»

ሚኪያስ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ማንም አላስቆመውም። ወዚር ገመዱ ላይ ከመጨረሻው ጀምሮ ሲያነበው ያገኘው ሚኪያስ የጻፈውን ታሪክ ነበር፤ የሞተው ግን ከሊል ነው። የከሊል መጨረሻ ከራሱ እንደሚበልጥም ያውቃል፤ ይህም እንደ ድሮው አንገበገበው።