ከጭራ ሁለተኛው ፍሬን

የመኪናው መንገድ የተራራውን አንገት በተሻገረ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ውርጩ የላይኛውን ጣቢያ ሐዲድ ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት ነበር። ከጣቢያው ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሁለት መንገድ ያያል፤ በስተቀኝ የተራራውን ጎድን ታክኮ የሚወርደውን ሐዲድ፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን አዲሱን ጎዳና። ሁለቱም የሚያደርሱት ወደ አንዱ የቆላ ገበያ ነው፤ ነገር ግን እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት እየተያዩ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ነበር የሚኖሩት።

ተራራው አስቀድሞ የአጋሰስ ነበር። ጣውላውም፣ እህሉም፣ ብረቱም በበቅሎ ጀርባ ይሻገር ነበር፤ በኋላ ባቡሩ መጣና የብዙ መቶ አጋሰስ ሸክም በአንድ ጉዞ ያወርድ ጀመር፤ በቅሎ ነጂዎቹም ከብቶቻቸውን ሸጠው ልጆቻቸውን ለባቡሩ ሰጡ። አሁን ደግሞ ተራው የባቡሩ ሆነ። የጭነት መኪና ከነጋዴው መጋዘን ደጃፍ ጭኖ ከገዢው ደጃፍ ያራግፋል፤ ባቡሩ ግን አንዱን ከረጢት ከባለቤቱ እስኪያደርስ ሦስት ጊዜ ያሸክመዋል፣ ሦስት ጊዜ ያስወርደዋል። ነጋዴ ደግሞ ዘመድ የለውም፤ ወደ ቀናው ይሄዳል። ስለዚህ የባቡር ኩባንያው ክቡር ዳይሬክተር የጭነቱን ዋጋ ቀነሱ፤ የቀነሱትን ለማካካስም በየባቡሩ ላይ ፉርጎ ጨመሩ፣ ከየባቡሩ ላይ ሰው አወረዱ። ቀድሞ ስምንት የነበሩት ፍሬን ያዦች አራት ቀሩ።

በዚያ ዘመን የጭነት ባቡር ፍሬን የሚያዘው በሰው እጅ ነበር። ፍሬን ያዡ በፉርጎው ጣሪያ ጫፍ፣ ከአንድ የብረት መዘውር ኋላ ይቀመጣል፤ ነጂው አንድ ረዥም ፊሽካ ሲነፋ መዘውሩን ያጠብቃል፣ ሁለት አጭር ሲነፋ ያላላል። ዝናብም ቢሆን ውርጭም ቢሆን መጠለያው ካፖርቱ ብቻ ነው። ባቡሩ ከተራራው አንገት ቁልቁል ከመነሣቱ በፊትም “አለሁ” የሚባል ሥርዓት ነበር። ጭራው ላይ ያለው ሰው በሙሉ ድምፁ “አለሁ!” ይላል፤ ከፊቱ ያለው ይቀበለዋል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ከነጂው ጆሮ ይደርሳል። ነጂው ድምፁን ይቆጥራል፤ አንድ ከጎደለ የተወሰኑ ፉርጎዎችን ፈትቶ ጣቢያው ላይ ጥሎ ይወርዳል እንጂ፣ ሙሉውን ጭነት ይዞ አይንቀሳቀስም።

ሥርዓቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ሌላ ሥርዓት ነበረው። አንዱ የታመመ ዕለት፣ ወይም ዘመድ የሞተበት ዕለት፣ ባልደረባው በእሱ ፈንታ “አለሁ” ይልለታል፤ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገረም ሁለት መዘውር ያጠብቃል። ስምንት ሰው በነበረ ጊዜ ይህ ማንንም አልጎዳም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና የሰባቱ ክንድ የአንዱን ጉድለት ይሸፍነው ነበር። አራት ከቀሩ በኋላም ልማዱ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ቁጥሩ ስላነሰ ደግነቱም ይነስ የሚል ሰው ከመካከላቸው አልተገኘም።

የአራቱ አለቃ ጭራው ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ነበሩ፤ መዘውር ሲያጠብቁ ብረቱን ያስለቅሱታል እየተባለ አባ ጥርቅም ይሏቸው ነበር። ከጭራ ሁለተኛው ልጃቸው ነው። ሦስተኛው አጭሬ ይባላል፤ ቁመቱ ከመዘውሩ እምብዛም አይበልጥም። አራተኛው፣ ባቡሩን ከሚስበው መጎተቻ ቀጥሎ ያለው፣ ካገባ ገና ጥቂት ወር ስለሆነው ሙሽራው እያሉ የሚጠሩት ጎልማሳ ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው እሑድ፣ አባ ጥርቅም በባቡር ሠራተኞች ሰፈር ካለችው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጫማቸውን ሞራ ሲቀቡ፣ ልጃቸው መጥቶ አጠገባቸው ቆመ።

“አባባ፣ የመኪኖቹ ባለቤት አስጠርቶኛል” አለ። “ሐሙስ አንድ ጉዞ ነድቼ ላሳየው ነው። ደስ ካለው ይቀጥረኛል።”

“ሐሙስ ተረኛ ነህ።”

“አውቃለሁ። ፈቃድ ብጠይቅ የጣቢያው ሹም ለምን ይለኛል፤ ለመኪና መሆኑን ካወቀ በዚያው ያሰናብተኛል። ሰውየውም ካልቀጠረኝ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኔ ነው።”

“ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ።”

“አንዱ ዛፍ እኮ እየወደቀ ነው፣ አባባ።”

ሽማግሌው ጫማውን መሬት ላይ አኖሩት። ቃሉ አንጀታቸው ውስጥ ገብቷል፤ እውነት ባይሆን ኖሮ ይቆጡ ነበር።

“አባቴ በቅሎዎቹን ሸጦ ለባቡሩ ሲሰጠኝ አልቅሷል” አሉ። “የበቅሎ ነጂ ልጅ እንዴት ብረት ላይ ተቀምጦ ይውላል እያለ። እኔ በልቤ እስቅበት ነበር። አሁን ደግሞ የምትስቅብኝ አንተ ነህ።”

“ስቄብዎት አላውቅም።”

“ይሁን፣ ሂድ። ሐሙስን እኔ ‘አለሁ’ እልልሃለሁ።”

“ብቻዎን ሁለት መዘውር? በዚህ ውርጭ?”

“የአጭሬ ሚስት የወለደች ጊዜ ማን አለለት? ለባዳ ያልኩትን ለልጄ ስል ነው እጄ የሚያጥረው?”

እናትየው ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህ እንደ ድሮው መሰለህ?” አለች።

“ጉልበቴ ሲከዳኝ አንቺን ቀድሜ እነግርሻለሁ” አሉ፤ ሦስቱም ሳቁ። በዚያች ቤት ከዚያ ወዲያ እንዲያ አልተሳቀም።

ሐሙስ ማለዳ ባቡሩ ሲሚንቶና ጣውላ ጭኖ ከተራራው አንገት ላይ ቆመ። አባ ጥርቅም ከጭራው “አለሁ!” አሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደሚቀጥለው ፉርጎ ተሻገሩና ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው ደገሙት። አጭሬ ነገሩ ገብቶት ፈገግ እያለ ተቀበላቸው፤ ሙሽራውም ተቀበለ። ነጂው፣ ፀጉሩን በዚያው ቁልቁለት ላይ ያሸበተ ጥንቁቅ ሰው፣ አራት ድምፅ ቆጠረ። አራት ሲሆን ሙሉ ጭነት ይወረዳል፤ ሁለት አጭር ፊሽካ ነፋና መጎተቻውን ለቀቀ።

ልጅየው በዚያ ሰዓት ከገደሉ ማዶ ነበር። የመኪኖቹ ባለቤት ወንድም ከጎኑ ተቀምጦ አነዳዱን ይመለከታል፤ ጭነቱ እህል ነው፤ እስከዚያ ድረስም መሪውን እንደ ልማደኛ ሹፌር ይዞት ነበር። የመጀመሪያው ረዥም ፊሽካ ተሰማ፤ አልደነገጠም፤ ቁልቁለቱ የሚጠናበት ቦታ ነውና አጥብቁ ማለት ነው። ወዲያው ሁለተኛ ረዥም ፊሽካ ተከተለ፣ ከዚያም ሦስተኛ። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነጂ አጥብቁ ብሎ የሚደግመው ፍሬኑ አልይዝ ሲለው ነው። ልጅየው መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ አሻግሮ አየ። ከጭራ ሁለተኛው መዘውር ላይ ሰው አልነበረም፤ ጭራው ላይም ሰው አልነበረም።

“አንተ፣ ምን ሆነህ ነው የቆምከው?” አለው የባለቤቱ ወንድም።

“ባዶው የኔ ቦታ ነው” አለ ልጅየው።

የሆነውን ኋላ የተናገረው አጭሬ ነው። አባ ጥርቅም የልጃቸውን መዘውር አጥብቀው ጨርሰው ወደ ራሳቸው ሊመለሱ፣ አልያም የራሳቸውን ጨርሰው ወደ ልጃቸው ሊሻገሩ ነበር፤ የቱ እንደሆነ በእርግጥ አላየም። ያየው ውርጭ በያዘው ጣሪያ ላይ እግራቸው ሲከዳቸው ብቻ ነው፤ በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል ገቡ፤ ድምፅም አላሰሙም። በቀሩት ሁለት ሰዎች ክንድ ያ ሁሉ ሲሚንቶ አልተያዘም። ባቡሩ ገደሉን ከሚያሻግረው ድልድይ በላይ ካለው ጠመዝማዛ ሲደርስ ፉርጎዎቹ ከመጎተቻው ተገንጥለው ወደ ገደሉ ሄዱ። አጭሬ ዘልሎ ክንዱ ተሰበረ፤ ሙሽራው ከመዘውሩ እጁን ሳያነሣ አብሮ ወረደ። ልጅየው ከማዶ ያየው ነጭ የሲሚንቶ አቧራ ከገደሉ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ ነበር።

ጎዳናው ከድልድዩ ሥር ያልፋል። ሐዲዱ ስለ ተዘጋ ከጣቢያው ማንም ቶሎ ሊደርስ አልቻለም፤ ቀድሞ የደረሰው ያው መኪና ነው። የባለቤቱ ወንድም፣ ነጋዴም ቢሆን ሰው ነበርና፣ የእህሉን ከረጢት በገዛ እጁ አራገፈ። በዚያ ተራራ ከሐዲድ ተነሥቶ በመኪና የወረደው የመጀመሪያው ጭነት ሁለት አስከሬን ሆነ፤ የነዳውም የአንደኛው ልጅ ነበር።

ኩባንያው በአንድ ሻለቃ የሚመራ መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። ልጅየው እንደ አጭሬ ከፉርጎው ዘልሎ የተረፈ ተብሎ ስለ ተመዘገበ፣ ክሱ በነጂው ላይ ነው፤ አራት ፍሬን ይዞለት ሳለ ባቡሩ ካመለጠው ከልክ በላይ ፈጥኗል ማለት ነው፤ የሁለት ሰው ደም ደግሞ ወኅኒ ያስገባል። ነጂው “አራት ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ፍጥነቴም እንደ ወትሮው ነበር” ከማለት ሌላ መከላከያ አልነበረውም፤ ያ ቃሉም የባሰ አሰረው። ሚስቱ ግን በአባ ጥርቅም ለቅሶ ቤት ከማለዳ እስከ ማታ ውሃ ስትቀዳና ሰው ስታስተናግድ ነበር የሰነበተችው።

የጉባኤው ዋዜማ እናትየው ልጇን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

“አባትህ ዋሽቶ ነው የሞተው ሊሉ ነው” አለችው። “ከዚህም ቤት ያስወጡኛል። አባትህን ሁለት ጊዜ አትቅበርብኝ፣ ልጄ። ሆድ ይፍጀው።”

“ሰውየው ይታሰራል እኮ፣ እማዬ። ሚስቱ ጓዳችን ውስጥ ናት።”

“አውቃለሁ፤ እሷን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው አጣለሁ። ግን ሆድ ይፍጀው።” ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጉባኤው የተሰበሰበው በጣቢያው የዕቃ ማደሪያ ውስጥ፣ ጭነት ስለ ጠፋ ባዶውን በቀረ አዳራሽ ነበር። ሻለቃው ከጠረጴዛ ኋላ፣ ነጂው በሁለት ዘበኞች መካከል፣ ሠራተኞቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊው ብድግ ብሎ የዚያን ዕለት ተረኞች በየቦታቸው ይጠራ ጀመር።

“የጭራው ፍሬን?”

“አርፈዋል” አለ የጣቢያው ሹም።

“ከጭራ ሁለተኛው ፍሬን?”

ልጅየው ቀና አለ። ዓይኑ የነጂው ሚስት ላይ ነበር፤ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ለአባቱ ለቅሶ የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ አሁንም አልለወጠችም። ጸሐፊው ደግሞ ጠራ። ያኔ ከልጅየው ጎን የተቀመጠው አጭሬ፣ ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአንገቱ እንደ ተንጠለጠለ፣ በተራራው አንገት ላይ እንደሚሉት አድርጎ በሙሉ ድምፁ “አለሁ!” አለ።

ማንም አላዘዘውም። የባልደረባ ቦታ ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ መሙላት ዕድሜውን የኖረበት ነገር ነው፤ ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር።

ነጂው ከዘበኞቹ መካከል ተነሣ። አጭሬን አየ፣ ልጅየውን አየ፣ እንደገና አጭሬን አየ።

“እንዲህ ነው?” አለ ቀስ ብሎ። “እንዲህ ነው እኔ የቆጠርኩት?”

“ይህ ምን ማለት ነው?” አሉ ሻለቃው።

አጭሬ አንገቱን ደፋ። ልጅየው ቆመ።

“ክቡር ሻለቃ፣ ያን ዕለት እኔ አልነበርኩም” አለ። “ማዶ መኪና እነዳ ነበር። አለሁ ያሉልኝ አባቴ ናቸው፤ ሁለቱንም መዘውር ይዘው ነበር። ጋሼ የሰሙትን ነው የቆጠሩት፤ ጥፋት የለባቸውም።”

ነጂው ነጻ ወጣ። አልተደሰተም፤ ደጁ ላይ ልጅየውን ሲያገኘው “አባትህ ቢነግረኝ እኮ ሁለት ፉርጎ ጥዬ እወርድ ነበር” አለው፤ ሌላ አልጨመረም። ልጅየው ሁለት ዓመት ታሰረ። እናትየው ከሰፈሩ ወጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች፤ ልጇ ሲፈታ ተቀበለችው፣ እግሩን አጠበችው፣ አበላችው፤ የአባቱን ነገር ግን እስክትሞት ድረስ ከእሱ ጋር አላነሣችም። የሙሽራው ሚስት ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ የለም።

ባቡሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሐዲዱ ተነቅሎ ለብረት ተሸጠ፤ ጎዳናው ሰፋ፤ ተራራው ሙሉ በሙሉ የመኪና ሆነ። የተራራው መጓጓዣ ታሪክ ሲጻፍም የበቅሎው ዘመን፣ የባቡሩ ዘመን፣ የመኪናው ዘመን ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ በየዘመኑ የተሻገረው ጭነትም በቶን ተሰፍሮ ተቀመጠ። ስለ ኅዳሩ አደጋ አንድ መስመር አለ፤ ምክንያቱ “የፍሬን ያዦች ቸልተኝነት” ነው ይላል። አራት ሰው በስምንት ሰው ጭነት ላይ ማን እንዳስቀመጠ አይናገርም፤ የሞቱትም ያጠፉትም እርስ በርስ በመተሳሰብ እንደ ሆነ አይናገርም።

ልጅየው እስኪያረጅ ድረስ መኪና ነዳ፤ በኋላም የሹፌሮች አለቃ ሆነ። መኪኖቹ ተራራው አንገት ላይ ተሰልፈው ፍሬናቸውን ፈትሸው ሲጨርሱ፣ እሱ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አንድ በአንድ ይጠራቸው ነበር። አንዱ ዘግይቶ ጓደኛው “አለ፣ አለ፣ እንሂድ!” ሲልለት፣ “ራሱ ይበል” ብሎ ሰውየው በገዛ አፉ እስኪመልስ ሞተሩን አያስነሣም። ወጣቶቹ ሹፌሮች ሳቁበት፤ “ራሱ ይበል” የሚል ቅጽል ስምም አወጡለት። ለምን እንደሚለው የጠየቀው ግን አልነበረም።