የሦስተኛው ፎቅ አንባቢ

ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አቅማምቻለሁ። እዚህ ቻናል ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ "ፈጠራ ነው" እያላችሁ እንደምታልፉ አውቃለሁና። ይሄ ግን የደረሰ ነው። በዓይኔ ያየሁት ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። መቃብር ቦታም አይደለም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... የሐይቅ ዳር ከተማችን የኪሱሙ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት... ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ቤሪል እባላለሁ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ። ሰው ሥራችን አቧራ መጥረግ ይመስለዋል። ይምሰለው። እኛ ግን እናጠናለን። ማን ምን ያነባል፣ የትኛው መደርደሪያ በሕይወት አለ፣ የትኛው ሞቷል... ይሄን ነው የምናጠናው።

ዋሶንጋ ባልደረባዬ ነው። አብረን ተምረን አብረን የተቀጠርን፣ እንደ ወንድሜ የማየው ሰው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፎች ክፍል በእሱ እጅ ነው። ተመርቆ የሄደ ሰው ሁሉ ጽሑፉ ተጠርዞ እዚያ ይቀመጣል።

የሚያነበው ግን የለም። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ስልካቸው ላይ ነው የሚፈልጉት።

ኃላፊያችን ዶክተር ኦጎላ ክፍሉን ዘግተው ኮምፒውተር ሊደረድሩበት አስበዋል። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ የዋሶንጋ ኮንትራት አይታደስም። ሚስት አለችው፤ ናፉላ። ልጅ አለችው፤ አኒንዶ። አራት ዓመቷ ነው፣ ፊደል አልቆጠረችም፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አታውቅም፣ ስትስቅ ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ዋሶንጋ ስለ እሷ ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል።

ዶክተር ኦጎላ ለሁለታችን አንድ ጥናት ሰጡን።

"እስከ ፈተና ድረስ ተከታተሉ። አንባቢ ካለ ክፍሉ ይቆያል። ከሌለ... ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አሠራሩ ቀላል ነው። አንባቢ ያነበበውን መልሶ መደርደሪያ ላይ አይሰካም፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ይሄዳል። ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ሁሉ "ተነበበ" ተብሎ ይቆጠራል። የትም ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ነው።

ሳምንት አለፈ። ሌላም ሳምንት አለፈ። ጠረጴዛው ባዶ... ዋሶንጋ ከሳ።

ከዚያ አንድ ቀን እየሮጠ ወደ ቢሮዬ ወረደ።

"ቤሪል... አንባቢ መጣልን።"

"ማን ነው?"

"አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጥቼ መደርደሪያ ሳስተካክል ትቶት ሄዷል።"

ስለ ሐይቁ የተጻፈ ጽሑፍ ነበር፣ መሀሉ ላይ ተገልጦ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተስቧል።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት ሌላ ጽሑፍ ተገኘ። እሱም ስለ ሐይቁ። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ግን ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ አንድ ብቻ ነው። እሱም በሽማግሌው ጥበቃ በምዜ ኦኩሙ ፊት ነው የሚያልፈው። ምዜ ኦኩሙ ደግሞ ዝንብ ብታልፍ መታወቂያ የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

"አባቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚመላለሰው ማን ነው?" አልኳቸው።

"ከዋሶንጋ በቀር ማን ወጥቶ ያውቃል ልጄ? ዛሬ ደግሞ አንቺ።"

ነገሩ አልጥም አለኝ። ወጥቼ የተሳበውን ወንበር በእጄ ዳሰስኩት።

ሞቋል... አሁን ሰው የተነሳበት ይመስላል።

"ዋሶንጋ፣ ማነው ይሄ ሰውዬ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምን አገባሽ? ይቆጠራል አይደል?"

ከዚህ በኋላ ዋሶንጋ ያደረገውን ሌላ ሰው አያደርገውም። የቤተ መጻሕፍት ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው።

አንባቢውን ያግዘው ጀመር።

"ርዕሱ በጣም ሰፊ ነው" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖለት። "ሐይቁን ሁሉ ሊያነበው ነው እንዴ? ይሄ ሰው መላ የሚለው አጥቷል።"

ሁላችንም ግራ ለገባው ተማሪ የምንለው ነገር አለ። አጥብብ እንለዋለን። መጀመሪያ ቦታ ምረጥ፣ ከዚያ ሰዎቹን ምረጥ፣ ከዚያ ከነሱም ጥቂቶቹን። ዋሶንጋ ይህንኑ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተወለት። አጠገቡም ስለ ሐይቁ ዳር አሣ አጥማጆች የሚያወራ ጽሑፍ አስቀመጠለት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ጽሑፍ ተገልጦ ተገኘ። ቁራጭ ወረቀቷ የለችም።

"አየሽ? ይሰማል እኮ" አለ ዋሶንጋ። ፈገግ ሲል ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁት።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ዋሶንጋ ብዙ ያቀርባል፣ አንባቢው ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ያነባል። ሪፖርታችን አማረበት። ዶክተር ኦጎላም "ጎበዝ" አሉን።

የመጨረሻውን ሪፖርት ልጽፍ የተቀመጥኩ ቀን የተነበቡትን ሁሉ እንደ አመጣጣቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

ሐይቁ... የሐይቁ ዳር... ከሐይቁ ዳር ያሉ የከተማዋ ሰፈሮች... ኒያሌንዳ ሰፈር... ኒያሌንዳ ውስጥ ከድልድዩ ማዶ ያሉ የኪራይ ቤቶች... እዚያው ኪራይ ቤቶች ውስጥ የሚያድጉ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት።

የመጨረሻውን ርዕስ ደግሜ አነበብኩት።

"ዋሶንጋ... ቤትህ የት ነው?"

"ምን ሆነሻል? መጥተሽ ዓሣ በልተሽ የሄድሽበትን?"

"ንገረኝ ብቻ።"

"ኒያሌንዳ።"

"ከየት በኩል?"

ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ዓይኑ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሄደ... ከዚያ ወደ መጨረሻው... ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"አጥብብ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ማቅረብ አቆመ። ጽሑፎቹን ወደ ቦታቸው መለስን፣ ክፍሉን ቆልፈን ቁልፉን እኔ ያዝኩ። አንዴ የተማረ ግን አስተማሪ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረን ከፈትነው።

ወንበሩ ተስቧል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጽሑፍ ተገልጧል።

የዋሶንጋ የራሱ መመረቂያ ጽሑፍ ነበር።

የተገለጠው ምዕራፉ ላይ አይደለም፣ ጥናቱም ላይ አይደለም። መጀመሪያው ላይ፣ ማንም ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ገጽ ላይ ነው።

"መታሰቢያነቱ ለልጄ ለአኒንዶ።"

ዋሶንጋ ግድግዳውን ተደገፈ። የጻፈው እሷ በተወለደች ዓመት ነው።

"ልጅቷን ይዛችሁ ሂዱ" አልኩት። "ዛሬውኑ ሂዱ።"

"የት ልሂድ? የት ብሄድ አጥብቦ ያገኘኛል።" ጽሑፉን ዘጋው። "ይሄን ከዚህ ካወጣሁት ግን ምን ያነባል?"

"ከክፍሉ አይወጣም ዋሶንጋ። ሕጉን ታውቃለህ።"

"ሕጉ ልጅ የለውም" አለኝና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ወደ ቤቱም ይዞት ሄደ።

እስከ ዛሬ ጣቴን የሚያስነክሰኝ ይሄ ነው። እዚህ ቤት ስንት ዓመት ሠርተናል። አንባቢ የጀመረውን መጽሐፍ ሲያጣ ትቶት ይቀራል እንዴ? ማን ወሰደው ብሎ ይጠይቃል፣ ተከታትሎ ይሄዳል። ይህ ጠፍቶን ነው?

በማግስቱ ክፍሉን ስንከፍት ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ወንበሩም በቦታው ነው። ወንበሩን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ።

ዋሶንጋ ሳቀ። ከታች ሻይና ማንዳዚ የሚባለውን ብስኩት አስመጣ፣ እኔም ሳቅሁ። ተገላገልን አልን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ለካ ለኛ ነው።

ሻዩን ሳንጨርስ የዋሶንጋ ስልክ ጮኸ። ናፉላ ነበረች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ዋሶንጋ... እንግዳህ መጥቷል" አለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"የምን እንግዳ?"

"የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ነዋ። አኒንዶ ናት የከፈተችለት። ጽሑፍህን ፈልጎ ነው የመጣው... ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ እያነበበ ነው።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም... ምንም አላለም። ምን እንደፈለገ እንዴት እንዳወቅሁ እንጃ።" ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። "ለምን እንደማንሾካሹክም እንጃ።"

ስልኩን ወደ ራሴ ስቤ እኔ ጠየቅኋት።

"ናፉላ፣ ፊቱ ምን ይመስላል?"

"አላየሁትም... አቀርቅሮ ነው የሚያነበው።"

"ልጅቷን ያዢና ውጪ" አላት ዋሶንጋ። "አሁኑኑ ይዘሻት ውጪ።"

በስልኩ ውስጥ ገጽ ሲገለጥ ተሰማን።

"እሷማ ጭኑ ላይ ናት" አለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድን አላውቅም። አንዲት ሞተር ላይ ሁለታችንም ተፈናጠጥን። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ገበያው እንደ ወትሮው ይንጫጫል፣ ሴቶቹ አሣ ይጠብሳሉ። እኔ ግን ብርድ ብርድ እያለኝ ነበር።

ናፉላን በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። እጆቿ እንዲሁ ተንጠልጥለዋል።

"የታለ?" አላት ዋሶንጋ።

"አሁን እዚህ ነበረ... ሲወጣ አላየሁም" አለች።

አኒንዶ ብቻዋን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ጽሑፉ ፊቷ ተገልጧል። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋለች።

ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል... ይመለሳል... ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል...

ፊደል የማታውቅ ልጅ ታነባለች።

"አኒንዶ... የኔ ልጅ" አላት አባቷ። ቀና አላለችም። ጽሑፉን ከፊቷ ነጥቆ ዘጋው።

ልጅቷ መተንፈስ አቆመች።

አላለቀሰችም፣ አልወደቀችም። ዝም ብላ ትንፋሿ ቆመ። ከንፈሯ ጠቆረ። ናፉላ ጮኸች። ዋሶንጋ አቀፋት፣ ነቀነቃት፣ ጀርባዋን መታ። ምንም የለም።

እኔ ነኝ ጽሑፉን አንስቼ ፊቷ የገለጥኩት።

ተነፈሰች። ዓይኗም ካቆመበት መስመር ቀጠለ።

ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ መጽሐፉን ፊቷ ይዘን። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙባትም። ቄስ መጣ። ከገጠርም አያቷ አዋቂ ይዘው መጡ። አዋቂው በሩ ላይ ቆሞ ልጅቷን ተመለከታትና ገንዘብም ሳይቀበል ተመለሰ።

አሁን ወራት አልፈዋል።

ክፍሉ አልተዘጋም። የዋሶንጋም ኮንትራት ታደሰ። ዶክተር ኦጎላ ጥናታችንን ስብሰባ ላይ አቅርበው ተጨበጨበላቸው። ስትፈልጉት የነበረው እጃችሁ ሲገባ እንዲህ ነው እንግዲህ።

አኒንዶ ያነበበችውን ደግማ አታነብም። ሞክረናል፣ ትንፋሿ ይቆማል። ስለዚህ ቀጣይ መምጣት አለበት። አንድ ገጽ ሲቀራት ሌላው ተገልጦ መጠበቅ አለበት። ዋሶንጋና ናፉላ እየተፈራረቁ ነው የሚያድሩት። ከሦስተኛ ፎቅ በቦርሳ እየጫንኩ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ልጅቷ አትስቅም፣ "አባዬ" አትልም። በማንኪያ ያጎርሷታል፣ ከገጹ ዓይኗን ሳታነሳ ትውጣለች።

መጀመሪያ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ቀን ነበር የምትጨርሰው። አሁን ምሳ ሳይደርስ ትጨርሰዋለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብዙ መደርደሪያ ባዶውን ቀርቷል።

"ሲያልቅስ?" አልኩት ዋሶንጋን ባለፈው።

"እሱን አትጠይቂኝ" አለኝ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ። ናፉላ ወለሉ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። ዋሶንጋ ከልጁ ጎን ተንበርክኮ ቀጣዩን ጽሑፍ ገልጦ ይዟል። አኒንዶ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታነባለች። ዓይኗ መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰ፣ ወደ አዲሱ ተሻገረ። የመጀመሪያውን ገጽ እስከ ታች ጨረሰች።

ዋሶንጋ ሊገልጥላት እጁን ዘረጋ። ገና ሳይደርስ ገጹ፣ ጭኑ ላይ ያስቀመጣት ሰው እንደሚገልጠው፣ ከበላይዋ በኩል ቀስ ብሎ ተነሳ... ተገለጠ... ተስተካክሎም ተኛ።

ዋሶንጋ እጁን ሰበሰበ። ልጅቷ ማንበቧን ቀጠለች።