ጭቃ ሳያራግፍ የማይገባው

እኔ እንኳን በመንፈስ በገዛ ጉልበቴም የማላምን ሽማግሌ ነኝ፣ ሰቆጣ ውስጥ ጠንቋይ ቢመጣ መጀመሪያ የምስቅበት እኔ ነበርኩ፣ እመነኝ ወዳጄ።

ተከራዬ ሠናይት ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የግብርና ባለሙያ ናት፣ ከሥራ ስትመለስ ላፕቶፗ ላይ አንድ ጉደኛ ጌም ትጫወታለች፣ ሰማዩ እንደ ሱፍ አበባ ቢጫ፣ ተራራው ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ መሬቱ ወይን ጠጅ ጭቃ፣ የሰዎቹ ራስ ፋኖስ። «ይኼን የሣለው ሰው ጠላ አብዝቷል» ብዬ ሳቅሁ፣ በሳምንቱ ግን በረንዳ ላይ ቆሜ መምጫዋን የምጠብቀው እኔው ሆንኩ፣ በዚህ ሽበቴ! ምን እንደያዘኝ ልንገርህ፣ እዚያ አገር የሞተ ሰው መጨረሻ ካረፈበት እሳት ዳር ይነሣል።

«ጌሙ ውስጥ ለምናስኬደው ሰውዬ ስም ያውጡለት» አለችኝ።

«ሙሉ በይው።»

ሙሉ ልጄ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ በኒሯቅ በኩል እንደወጣ የቀረ፣ ተዝካሩን እንዳወጣ ሬሳ የለ፣ እንድጠብቀው ወሬ የለ።

ግንቦት ነው፣ ዝናብ ከረሳን ወራት ሆኖናል፣ አመሻሹ ላይ ሙሉን አንዲት የድንጋይ ቤት በር ላይ አደረስነው። ቆመ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ክው አልኩ፣ ልጄ ጫማዎቹን አጋጭቶ ጭቃውን ሳያራግፍ ቤት ገብቶ አያውቅማ!

«ድምፁን ጨምሪው እስቲ።»

«አባባ ደግሞ! የዚህ ላፕቶፕ ድምፅ ከተበላሸ እኮ ዓመት አልፎታል።»

ወዲያው መብራት ሄደ፣ ባትሪውም ድሮ የሞተ ነውና ስክሪኑ ድርግም አለ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ አሁን ከእኔው በር ውጭ።

«አይክፈቱ!» አለች ክንዴን ይዛ።

«መጣሁ ልጄ!» አልኩ፣ ግን ይኼ ጉልበቴ መጀመሪያ ተንቋቋ፣ ከዚያ ከዘራዬን ፈለግሁ፣ ከዚያ በርጩማው አደናቀፈኝ፣ በሩን ስከፍት ማንም የለም። ደፉ ላይ ሁለት እርጥብ የጭቃ ጓል ብቻ፣ ወይን ጠጅ።

መብራት ሲመጣ ጌሙን ከፈተችው፣ ቤቷ አለች፣ በሯ ላይ ግን ሰው የለም። «ሞቶ ከሆነ ከእሳቱ ዳር መነሣት ነበረበት» አለች። ያለፍንበትን እሳት ሁሉ ዞርን፣ የለም። እሷም ብዙ ሳትቆይ ወደ አምደወርቅ ተዛወረች፣ ላፕቶፑም አብሯት ሄደ።

እኔ በሬን ከፍቼ፣ ከዘራዬን ታቅፌ አድራለሁ፣ ጅብ እንኳ አይቶኝ ያልፋል፣ የሚበላ ሥጋ አላየብኝም መሰለኝ።

ጭቃው ግን፣ ወዳጄ፣ እስካሁን አልደረቀም።