በየሳምንቱ አንድ ዓሣ

ቁንዶ ስትናደድ እሳት አደጋ ቢጠራም አያጠፋትም። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ የሚፋጅ ስለሆነ ነው ቁንዶ የተባለችው፤ ቁንዶ በርበሬን የነከሰ ያውቃል።

በአክስቷ የጌጥ ዓሣ ሱቅ ውስጥ የጨው ውሃውን ገንዳ የምትጠብቀው እሷ ናት። እዚያ ውስጥ ትንንሽ አረንጓዴ የኮራል ዓሦች በመንጋ ይዋኛሉ። ማለቴ፣ ይዋኙ ነበር። ዛሬም ሌላ ሞቶ ተገኘ፤ ጅራቱ ተበጣጥሶ፣ ድንጋይ ሥር ተወሽቆ።

«በቃኝ!» አለች አክስቷ። «እስከ ወር መጨረሻ መንጋው ካልረጋ ገንዳውን አውጥቼ ወፍ እሸጣለሁ። አንቺም ወደ እናትሽ!»

ወደ እናቷ! እዚያ ማን አለና በር ከፍቶ «ቁንዶ፣ ደህና አደርሽ?» የሚላት?

በሩ ተከፈተ። የዓሣ አስመጪው ሾፌር ነው። እንደ ልማዱ ውሃ የሞላ ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ውስጡ አንድ ዓሣ። አንድ!

«ቁንዶ፣ ደህና አደርሽ?»

«አላደርኩም! ሰባት አላዘዝኩም?»

«አዘሻል።»

«ታዲያ እንደ ኪኒን በየሳምንቱ አንድ አንድ ፍሬ የምትሰጠኝ ሐኪሜ ነህ?»

«አልቆብን እኮ ነው...» አለ ጫማውን እያየ።

«ውሸታም! አስመጪው ጋ ደወልኩ። ሁሉም ለእኔ ተለይተው ከተቀመጡ ሰንብተዋል!»

ጆሮው ቲማቲም መሰለ።

«ዓሣ እኮ እንደ ሰፈር ልጅ ነው!» ጮኸች። «ብቻውን የመጣውን እንግዳ ተባብረው ይቀጠቅጡታል። ተሰብስበው ሲገቡ ግን ማንን እንደሚነክሱ ግራ ይገባቸውና ይላመዳሉ። አንተ አንድ በአንድ ለዱላ አቀረብካቸው! ነባሮቹም ጠብ ለምዶባቸው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ነፍሰ ገዳይ!»

«አላወቅኩም፣ እናቴን!»

«ታዲያ ለምን?»

«ባንዴ ካመጣኋቸው... አንዴ ብቻ ነዋ የምመጣው።»

ቁንዶ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ቀረ። ልቧ ቅልጥ አለ። ንዴቷ ግን ጭራሽ ባሰበት። እኔን ለማየት ብሎ ዓሣ ያስፈጃል?

«አንተ ጅል! ባዶ እጅህን መምጣት አቃተህ?»

«ባዶ እጅ ሰው ዘንድ ይኬዳል እንዴ?»

«ይኬዳል! የቀሩትን ሁሉ አሁኑኑ አምጣ!»

«ማነው እሱ?» አለች አክስቷ ከጓዳ።

«ነፍሰ ገዳዩ ነው፣ አክስቴ!»

እሱ እስኪመለስ ቁንዶ ድንጋዮቹን አገላበጠች፤ ነባሮቹ «ይሄ የኔ ነው» የሚሉት ጥግ እንዳይኖራቸው። አዲሶቹን ባንዴ ለቀቀቻቸው። ከዚያ ወዲያ ምግባቸውን ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትሰጣቸው ጀመር፤ የራበው ነው የሚናከሰው።

ወሩ አለቀ። መንጋው አንድ ላይ ይታጠፋል፣ አንድ ላይ ይዘረጋል። አክስቷም ወፍ የሚባል ነገር ረሳች።

ሾፌሩ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር እጁን የሚያደርግበት ያጣል፤ አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጀርባው።

«ምሕረት አላገኘሁም?»

«የሞቱትን ማን ይመልሳቸዋል?»

«እሺ፣ ይሄን ባዶ እጅ እስከ መቼ ተሸክሜው ልምጣ?»

ቁንዶ ደሟ ፈላ። እጁን በንዴት መንጭቃ ያዘችው። አለቀቀችውም።