በመቃብር አፍ የተጠራ ስም

በላይኛው ግብፅ፣ ከሶሃግ ከተማ ወዲያ ባለችው መንደር የዳሂ እናት ምድጃዋ አጠገብ ሞታ ተገኘች። የጠጣችው አብሽ የአይጥ መርዝ ነበረበት። ያፈላችው ልጇ ነጅያ ናትና ካቴና ገባላት፤ ከፊቷ የስቅላት ገመድ ይጠብቃታል።

«አፍልተሽ የት ሄድሽ?» አለቻት የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ኢንሳፍ።

«ጎረቤት፣ ዳቦ ላመጣ። ‹አጎትሽ ሊመጣ ነው፤ የመሬት ድርሻዬን እጠይቀዋለሁ› አለችኝ። እሱ ግን አልመጣሁም ይላል። ማን ያምነኛል?»

«ሌላስ?»

«የእናቷን ስም ነገረችኝ፤ ሸውቂያ። እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። ‹የሚያውቋት ሁሉ አልፈዋል፤ ስሟም እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም› አለችኝ። ወንድሜ ዳሂ እንኳ አያውቅም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።»

አጎትየው፣ የነጅያ አባት ወንድም ሐጅ ቂናዊ፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ኢንሳፍን ተቀበሏት።

«ከበዓል ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። መሬቱ በስማችን ነው፤ በሴት አይወጣም።»

«የሟቿ ስም ማን ነበር?»

«የሴት ስም አንጠራም፣ ሻምበል። የተከበረች ናት።»

በቀብሩ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ነጅያም ከነካቴናዋ።

«ሴት ምን ልትሠራ መቃብር ወረደች?» አሉ ሐጁ።

«ሟቿም ሴት ናት፤ እሷን ይከልክሉ» አለች ኢንሳፍ።

እንደ ልማዱ ሼሁ ሟችን በእናቷ ስም ጠርተው ለመላእክት የምትመልሰውን ያስታውሷታል። በሌላ እናት ስም የተጠራች አትተኛም፤ ደሟን ያፈሰሰውን ፍለጋ ትነሳለች ይባላል። ኢንሳፍ አስቀድማ የሐሰት የእናት ስም በሼሁ ጆሮ ሹክ ብላ ነበር።

«ዘህራ፣ የሰኪና ልጅ ሆይ!»

ነፋሱ አፈሩን አነሳው።

«ዘህራ፣ የሰኪና ልጅ ሆይ!»

የሐጁ መቁጠሪያ ተበጠሰ። «ኧረ በአላህ! የሸውቂያ ልጅ በሏት!»

ኢንሳፍ ዘወር አለች። «ዳሂ፣ የአያትህ ስም ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ልጇ የማያውቀውን ሐጅ ያውቃሉ። ሟቿ ያን ስም መጀመሪያ ከአፏ ያወጣችው አብሹ ሲጣድ፣ ለነጅያ ነው። ነጅያ ዳቦ አምጥታ ስትመለስ ሞታለች። በመካከሉ የሰማ ከራሷ አፍ ነው የሰማው። ደጇን ካልረገጡ፣ ሐጅ፣ ማን ነገረዎት?»

ሐጁ የመቁጠሪያቸውን ፍሬዎች ከአፈሩ ይለቅሙ ጀመር። «‹የዳሂ እናት ሆኜ አይደለም የምጠይቅህ፤ ዘህራ የሸውቂያ ልጅ ሆኜ ነው› አለችኝ። ወንበር ልታቀርብልኝ ዞር ስትል…»

ካቴናው ከነጅያ እጅ ወደ እሳቸው ተሻገረ። ሼሁ እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ዘህራ፣ የሸውቂያ ልጅ ሆይ!»

ወንዶቹ አቀረቀሩ። እንዲህ በእናቷ ስም፣ በአደባባይ፣ በወንድ አፍ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። አቤት ግን አላለችም።